ለአንዲት የወተት ጥርስ ሦስት ዓይነት እንቅልፍ

የልጅ ልጄ የሶልያና ጉንጭ ያበጠው እሑድ ዕለት ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ ደህና ነበረች። ምሳ ላይ ግን አንደኛው ጉንጯ ከሌላው ተለይቶ ወፈረብኝ። ከረሜላ የደበቀች መስሎኝ «አውጪው» አልኳት።

«ምኑን?»

«የያዝሽውን።»

አፏን ከፈተችልኝ። ከረሜላ የለም። ከረሜላውስ ቀድሞ ገብቶ፣ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ከኋላ በኩል አንዲት የወተት ጥርስ እንደ ተቃጠለ የክብሪት እንጨት ጠቁራለች፤ ሥሯ ላይ ያለው ድድ ተነፍቷል።

ይህን የምጽፈው በዝግታ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንዱን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ወደ ሁለተኛው እስክሻገር ሻዬ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ወሬው መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ብዞርባችሁ አትቀየሙኝ፤ ተመልሼ እመጣለሁ። ብዙውን ጊዜ እመጣለሁ።

በቤታችን የሥራ ክፍፍል ነበር። ሐኪም ቤት፣ ቀበሌና የጣሪያ ቆርቆሮ የእሱ፤ ወጥ ቤት፣ የልጅ ትምህርትና የዘመድ ኩርፊያ የእኔ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የሌሎችን ደብዳቤ ሳርም የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰው የጻፈው ላይ ስህተት ማግኘት አያቅተኝም። ማንም ያልጻፈውን ነገር መወሰን ነው የሚያቅተኝ። እሱ ነፍሱን ይማረውና፣ ሐኪም ቤት ሲገባ የገዛ ቤቱ የገባ ይመስል ነበር፤ ነርሶቹን በስም ይጠራል፣ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ ምን እንዳመመው ይጠይቃል፣ አንዳንዱን ራሱ መድኃኒት አዝዞ ይመልሳል። እኔ ከጎኑ ቦርሳ ይዤ እቆማለሁ። የቦርሳው ሥራ የእኔ ነበር።

በእኛ ጊዜማ ጥርስ የሚነቀለው በክርና በበር ነው። ክሩ አንድ ጫፉ ጥርሴ ላይ፣ ሌላው ጫፉ እጀታው ላይ ይታሰራል። ማደንዘዣው አጎቴ ነበር። «ያቺን ወፍ እያት» ይለኛል፤ ቀና ስል በሩ ድው ይላል። ወፏን እስከ ዛሬ አላየኋትም።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ጥርስ ያስተከለበት ክሊኒክ ከወርቅ ቤቶቹ ዝቅ ብሎ ነበር። ስደርስ ክሊኒኩ የለም፤ ሕንፃውም የለም፤ ሕንፃው የነበረበት ቦታ ላይ አበባ ተተክሎ፣ በአጠገቡ ብስክሌት ያልፋል። ፒያሳ መንገዱ ከሰፋ ወዲህ ሰው አቅጣጫ የሚያሳየው በሌለ ነገር ነው። አንድ ሎተሪ አዟሪ ጠየቅሁ።

«እናት፣ ክሊኒኩ ተዛውሯል። ከድሮው ፎቶ ቤት ፊት ለፊት ነው።»

«ፎቶ ቤቱ አለ እንዴ?»

«የለም፣ ፈርሷል። ግን ቦታውን ያውቁታል አይደል?»

አውቀው ነበር። ሄጄ አገኘሁት። ሁለታችንም በሌለ ፎቶ ቤት ተግባብተን ተለያየን።

ዶክተሯ ከልጄ የምታንስ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሶልያና መጀመሪያ ላይ አላሳፈረችኝም፤ አፏን ከሚጠበቀው በላይ ከፈተች፤ መስታወቱ ገባ፣ ጣት ገባ። ከዚያ መርፌውን አየችና አፏን ዘጋች። ችግሩ ጣቱ ገና አለመውጣቱ ነው።

ዶክተሯ አልጮኸችም። ጓንቷን ቀይራ፣ ጣቷን ከፍታ ዘግታ ሞከረችና ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ፣ ጥርሱ መግል ቋጥሯል። መድኃኒት እሰጣታለሁ፤ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ጥርሱ ግን መውጣት አለበት፤ ከተተወ ከሥር ያለውን ያበላሻል፣ ወደ መንጋጋም ይሄዳል። ችግሩ ልጅቷ በጣም ፈርታለች። በመርፌ ማደንዘዝ ብቻውን አይሆንላትም። በግድ ይዘን ብንነቅል ደግሞ ዕድሜ ልኳን ጥርስ ሐኪም ስትፈራ ትኖራለች። ሦስት መንገድ አለን።»

እኔ ሦስት መንገድ ሲባል ደንገጥ እላለሁ። አንድ ቢሆን ይሻለኛል።

«አንደኛው ጋዝ ነው። በአፍንጫ ይሳባል፤ ያረጋጋታል፣ ግን ነቅታ ነው የምትሆነው። የሚያስቅ ጋዝ ይሉታል። ሁለተኛው የሚጠጣ ሽሮፕ ነው፤ ያንጎላጃታል፣ ስንጠራት ግን ትሰማለች። ሦስተኛው ትልቅ ሆስፒታል ተወስዳ፣ የማደንዘዣ ሐኪም ባለበት ሙሉ በሙሉ ማስተኛት ነው።»

«በሁለተኛው ትተኛለች፣ ግን አልተኛችም?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«በመጀመሪያው ነቅታ ትስቃለች?»

«የግድ አትስቅም።»

«የሚያስቅ አላልሽኝም፣ ልጄ?»

«ስሙ ነው እናቴ።»

«በሦስተኛውስ?»

«ትተኛለች፤ ጥርሱ ይወጣል፤ ከዚያ ትነቃለች።»

«ማን ነው የሚቀሰቅሳት?»

ዶክተሯ ይህን ጊዜ ጥቁር ልብሴን አየችና መልሷን አዘገየች።

ልንገራችሁ። ባለቤቴን ያስተኙት ሐኪሞች ደግ ሰዎች ነበሩ። ልቡ ደካማ መሆኑን አስቀድመው ነግረውናል፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ይተኛል፣ እንሠራዋለን፣ ይነቃል አሉኝ። ይሁን አልኩ። ሁለቱን በትክክል ፈጸሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ይሁን» የምትለዋ ቃል ከአፌ አትወጣም። ባለሱቁ ስኳሩን በላስቲክ ላድርገው ወይ ሲለኝ እንኳ ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለቴን ፈቃድ አድርጎ ይቋጥረዋል።

አሁን ደግሞ በእኔ አንደበት ልትተኛ የቀረበችው ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት።

«ምርጫው የእርስዎ ነው፤» አለች ዶክተሯ። «ለሐሙስ ጠዋት ያዝኩልዎት። እስከዚያ ያስቡበት።»

የሶልያና እናት፣ ልጄ ማለት ነው፣ ሐዋሳ ነው የምትሠራው። ልጅቷ ከእኔ ጋር የምትኖረው ለትምህርት ነው ይባላል፤ እኔ ብቻዬን እንዳልሆን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ጋዙ ይሻላል። ስልኬ ላይ እያነበብኩ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ሳልቀመጥ መልሳ ደወለች። «እማዬ፣ ሽሮፑ ይሻላል የሚልም አለ።»

ራቴን ሳቀርብ ደግሞ ደወለች። «ሦስቱም ጥሩ ናቸው ይላል። ሦስቱም አደጋ አላቸውም ይላል። አንቺ እዚያ ነሽ፣ አንቺ ወስኚ። ፈቃድ ጠይቄ ከልክለውኛል።»

ግድግዳው ላይ ያለውን የባለቤቴን ፎቶግራፍ አየሁት። እንደ ወትሮው ፎቶ አንሺውን ነው የሚያየው።

በመጨረሻ ሽሮፑን መረጥኩ። ምክንያቴ እንዲህ ነበር፤ ጋዝ ማለት ለእኔ ምድጃ ነው፤ ሲሸት መስኮት ከፍተን የምንሸሸውን ነገር ልጅ አፍንጫ ላይ ማድረግ አልዋጥልኝ አለ። ሙሉ እንቅልፉን ለማሰብም አልፈለግሁ። ሽሮፕ ግን ዘመድ ነው። ማንኪያ አለው፣ ብልቃጥ አለው፣ ቤታችን ገብቶ ያውቃል። ክሊኒኩ ደውዬ ነገርኳቸው። ነርሷ «ከሌሊት ጀምሮ ምግብም ውሃም እንዳትቀምስ፣ ሆዷ ባዶ ይሁን» አለችኝ። ገባኝ። ገባኝ ማለቴ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ስህተቴ የጀመረው ነገሩን ለዘይነባ መንገሬ ላይ ነው። ዘይነባ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ በልጅነቷ ከወሎ መጥታ አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ ስትሸጥ የኖረች። ባለቤቴ የሞተ ቀን ከእኔ ቀድማ ራሷን የሳተችው እሷ ናት፤ አስተዛዛኞቹ ማንን እንደሚያነሡ ግራ ገብቷቸው ነበር። «ልጅቷን በሽሮፕ ሊያንጎላጁልኝ ነው» ብዬ ነገርኳት። እሷ ለግቢው «ሊያደነዝዟት ነው» አለች። ግቢው ለበላይኛው ግቢ «ሊያስተኟት ነው» አለ። እኔ ይህን አላወቅሁም።

ሐሙስ ገና ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የግቢው ሴቶች በሙሉ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ቆመዋል። ማንም አይናገርም። አንዷ መሬት መሬት ታያለች። አንዷ ክንዴን ያዘችና «ግቢ፣ ተቀመጪ» አለችኝ።

በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ፣ በዚህ ዝምታ የሚመጣ ወሬ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። መርዶ ነው። ሐዋሳ ያለችው ልጄ መጣችብኝ። ጮኼ ከመውደቄ በፊት ዘይነባ ከኋላ እየተጋፋች ገባች።

«ምነው፣ ምን ሆነሻል?»

«ልጄ ናት?»

«ልጅሽማ ናት። ጥርሷን ልታስነቅዪ ስትሄጂ ልናደርስሽ አይደል የመጣነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ልጅቷን እንዳንቀሰቅሳት ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አለባበሴን አትጠይቁኝ። መብራት ጠፍቷል፤ በሩ ላይ የጫማ ክምር አለ። ያገኘሁትን አድርጌ ወጣሁ።

ሶልያናን «ጫማ ልንገዛ ነው» ብያታለሁ። ይህ ሁሉ ሴት ተከትሏት ሲወጣ አየችና ቆመች።

«እማማ፣ ጫማ ለመግዛት ለምን ቁርስ አልበላም?»

ዘይነባ «እግርሽ እንዳያብጥ ነው» አለቻት። ልጅቷ አሰበችበትና መራመድ ጀመረች።

በጊዮርጊስ በኩል አለፍን። ይህን ማንም አላዘዘኝም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ለፈተና ሲኬድ፣ ለመንገድ ሲወጣ፣ ለሕክምና ሲገባ ጠበል ሳይቀምሱ ማለፍ በእኛ ቤት አይታወቅም። ደግሞም ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣ። የነርሷ ትእዛዝና የጠበሉ ሥርዓት እንዲህ ልክክ ሲሉልኝ፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የተሳካልኝ መሰለኝ። ሶልያና ተጠምታ ነበርና አንድ ጣሳ ግጥም አድርጋ ጠጣች። ዘይነባ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ጠበቀችን። ስንወጣ «ዛሬ እግሬን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጫማዬ ጠቦኛል» አለችኝ። እኔም አንድ እግር ጫማዬ እየወለቀብኝ ስጎተት ነበር፤ የድንጋጤው ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ክሊኒኩ በር ላይ ያለው ጥበቃ ነጠላ ለብሶ የመጣውን ሕዝብ፣ ከፊት ደግሞ ጥቁር የለበስኩትን እኔን አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። ጥርሱ ያረፈው መቼ ነው?»

«ገና አልተነቀለም፤» አልኩት።

«ታዲያ ሳይሞት ለቅሶ?»

ከልጅቷ፣ ከእኔና ከዘይነባ በቀር ማንንም አላሳልፍም አለ። የቀሩት ሴቶች ከታች ያለው ኬክ ቤት ገብተው ማኪያቶ አዘዙ። አንዷም «ልቅሶ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ቡና የለም» ስትል ሰማኋት።

ሶልያና ወንበሩን ስታይ ጫማ ቤት አለመሆኑን ተረዳች። አላለቀሰችም። «ዋሽተሽኛል» አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው፤ ይህ ከማልቀሷ ይልቅ አሳፈረኝ።

ዶክተሯ ገባች።

«ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፣ እናቴ?»

«ምንም።»

«ውሃም?»

«ውሃም።» በሙሉ ልቤ ነው የተናገርኩት። መስቀል ይዤ እምል ነበር።

ነርሷ ሽሮፑን በትንሽ ኩባያ ለክታ አመጣች። ልጅቷ ኩባያዋን ተቀብላ ውስጧን አየች።

«ይሄማ ከጠበሉ በጣም ያንሳል፤» አለች።

የዶክተሯ እጅ ባለበት ቆመ። «የምን ጠበል?»

«ጠዋት የጠጣሁት።»

ዶክተሯ ኩባያዋን ከልጅቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችና ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ፣ ውሃ አልጠጣችም ብለውኝ አልነበረም?»

«አልጠጣችም። ጠበል ውሃ አይደለም።»

«እኔም እኮ ክርስቲያን ነኝ። ግን ሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ነው። አንጎላጅቼያት ወደ ላይ ቢመጣ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።»

«ጠበል እንዴት ክፉ ይሠራል?»

«እሱ አይሠራም። ክፉ የምሠራው እኔ ነኝ፣ እያወቅሁ ካጠጣኋት።»

ንግግሯ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ የማርመው ነገር አልነበረውም።

«ሌላስ?» አለች ዶክተሯ። «ሌላ የቀመሰችው ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ። ዘይነባ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

«ዘይነባ።»

«ተምርም ይቆጠራል እንዴ?» አለች።

«መቼ ነው የሰጠሻት?»

«እናንተ ከቅጥሩ ስትወጡ። ልጅ በባዶ ሆዷ መድኃኒት ሊግቷት ነው ብዬ አንጀቴ አልችል አለ። ፍሬዋ ትንሽ ናት፣ ወላሂ።»

«ስንት ፍሬ ናት፣ እናቴ?» አለች ዶክተሯ።

«ሁለት። ሦስተኛዋን ተፍታታለች።»

«አልተፋኋትም፤» አለች ሶልያና።

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽሮፑ ዛሬ አይሆንም አለች። ሙሉ እንቅልፉም በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቀጠሮ ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ ድዱ ደግሞ ይህን ያህል የሚጠብቅ አይመስላትም። የቀረው ጋዙ ነው። በጋዙ ነቅታ ስለምትሆን፣ የቀመሰችውም ትንሽ ስለሆነ፣ እሱን ለመስጠት አትፈራም። «ግን በአፍንጫዋ እሺ ብላ መሳብ አለባት። በግድ የሚሆን ነገር አይደለም።»

እኔ ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሦስት መንገድ ነበረኝ። አስቤ፣ ተጨንቄ፣ ሌሊት ተገላብጬ አንዱን መረጥኩ። አሁን በአንድ ጣሳ ጠበልና በሦስት ፍሬ ተምር ሁለቱ ተዘግተው፣ ያልመረጥኩት ብቻ ቀረልኝ። እግዚአብሔር ነው የመረጠልኝ እንዳልል ተምሩ የዘይነባ ነው። ዘይነባ ናት እንዳልል ጠበሉ የእኔ ነው።

ነርሷ ማስኩን አመጣች። ለአፍንጫ ብቻ የምትሆን ትንሽ፣ ሮዝ ቀለም፣ እንጆሪ እንጆሪ የምትል ናት። ሶልያና አየቻትና ከወንበሩ ወርዳ ከቀሚሴ ኋላ ተደበቀች።

«አባባ ያደረገው ነው፤» አለች።

አባባ የምትለው ባለቤቴን ነው፤ ማስክ አድርጎ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ በመስታወት በኩል። የእሱ ነጭ ነበር።

«ይሄ ሌላ ነው፤» አለቻት ዶክተሯ ተንበርክካ። «ሽታው ጥሩ ነው።»

«አባባ ካደረገው በኋላ አልተነሣም።»

እኔ የልጅቷን እጅ ይዤ ቆሜ፣ ወደ ቤት ልመልሳት አሰብኩ። እውነቴን ነው፤ ቦርሳዬን አንሥቻለሁ። ያበጠ ድዷን ይዛ ትኑር፣ ብቻ ዓይኗ ክፍት ይሁን አልኩ በልቤ።

«እማማ ቀድማ ታድርገው፤» አለች ሶልያና ከኋላዬ። «ከተነሣች እኔም አደርገዋለሁ።»

ዶክተሯ አየችኝ። እኔ ዶክተሯን አየኋት። ይህ በአራተኛ መንገድነት አልተነገረኝም ነበር።

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ወንበር የሚመስል ነገር ነው እንጂ ወንበር አይደለም፤ ገና ሳልደላደል በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ተጋደመ፤ ራሴ ወረደ፣ እግሬ ተሰቀለ። መብራቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ማስኩ አፍንጫዬ ላይ ተቀመጠ። እንጆሪ ሸተተኝ። «በረጅሙ ይሳቡ» አለች ዶክተሯ። ባለቤቴም ይህን ተብሎ ይሆናል አልኩ። ሳብኩ። ሞቴን የምጠብቅ ይመስል እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬያለሁ።

ዘይነባ በእግሬ በኩል ቆማ ስትጸልይ እሰማታለሁ። ድንገት ጸሎቷ ተቋረጠ።

«አንቺ፣» አለች፣ «ይሄ እኮ የኔ ጫማ ነው።»

አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁ። በግራ እግሬ የእኔ ጥቁር ጫማ፣ በቀኝ እግሬ የዘይነባ ጥቁር ጫማ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ዘይነባ ወደ ራሷ እግር ጎንበስ አለች።

«እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እግሬ አበጠ ብዬ፣ ኩላሊቴ ነው ብዬ፣ ለልጆቼ ኑዛዜ ሳዘጋጅ።»

ሳቁ መጀመሪያ በአፍንጫዬ ነው የመጣው። ማስኩ ውስጥ እንደ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ልውጠው ሞከርኩ፤ ወደ ሆዴ ወርዶ ከዚያ እንደገና ተነሣ። ጥቁር ለብሼ፣ የባሌ ሙት ዓመት ሳይወጣ፣ ሰው ፊት በጀርባዬ ተጋድሜ ሳቅሁ። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። ነርሷ ከሌላ ክፍል ሮጣ መጣች። እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ፤ መሐል ላይ የትኛው ሳቅ የትኛው ለቅሶ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም። ዘይነባ ነጠላዋን አውልቃ ፊቴን ሸፈነችልኝና ለነርሷ «ሐዘንተኛ ናት፣ ጋዙ ነው፣ እሷ አይደለችም» እያለች ታስረዳለች፤ እሷም ትንሽ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች።

ከነጠላው ሥር ስወጣ ሶልያና አጠገቤ ቆማለች። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። በጣቷ ጉንጬን ነካችው።

«ውረጂ፤» አለች። «ተራዬ ነው።»

ልጅቷ ተቀመጠች። ማስኩን በራሷ እጅ አደረገች። እኔ የእግሯን አውራ ጣት ይዤ ቆምኩ። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ዓይኗ ከበደ። መርፌው ገባ፤ አላየችውም። ዶክተሯ ሥራዋን ጀመረች። የልጅቷ ዓይን ተከደነ።

«ሶልያና፤» አልኩ።

መልስ የለም።

«ሶልያና።»

መልስ የለም። «ሶልያና፣ እናቴ፣ መልሺልኝ።»

«እንዴት ትመልስልዎት፤» አለች ዶክተሯ ቀና ሳትል። «እጄ አፏ ውስጥ ነው።»

ያን ጊዜ የያዝኩት አውራ ጣት እጄ ውስጥ ነቅነቅ አለ። አንዴ፤ ቆይቶ ደግሞ ደጋግሞ፤ በመጨረሻም ልቀቂኝ እንደሚል ሁሉ ተጫወተ። አለቀቅሁትም። ጥርሷ ብረት ሳህን ላይ ጠብ ስትል ሰማሁ። እንዲያ ያስጨነቀን ነገር የምስር ፍሬ አያክልም።

ልጅቷ ንጹሕ አየር እየሳበች ትንሽ ተቀመጠች። ዓይኗን ገለጠች። በጥጥ በተሞላ አፏ «አለቀ?» አለች። አለቀ ተባለች። «ጫማውስ?» አለች።

ዶክተሯን ስናመሰግን ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። ለእርስዎ ጋዙን አልከፈትኩትም። በዕድሜዎ፣ ግፊትዎን ሳልለካ አልሰጥም። ማስኩ ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ብቻ ነው።»

«ኦክስጅን ያስቃል?»

«አያስቅም።»

ዘይነባ ሰምታለች። በደረጃው ስንወርድ ክንዴን ይዛ ቆመች።

«ስሚኝ። ጋዙ ነው። እኔ አይቻለሁ፣ ጋዙ ነው። ታች ያሉት ሲጠይቁሽ ዝም በይ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ነገረቻቸውም። ሴቶቹ ኬክ ቤቱ ውስጥ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ከዚያ አንዷ፣ እሷም ባሏን ከቀበረች የቆየች ናት፣ ጠጋ ብላ ጋዙ ጥርሱን ላላመመው ሰው ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። እውነቴን ነው፣ እኔ እንጃ። የመረጥኩት አልተሰጠም፤ የተሰጠኝ ደግሞ የለም፤ ያልተሰጠኝ ነገር አሳቀኝ። ልጄ ከሐዋሳ ደውላ «በመጨረሻ የቱን አደረግሽ?» ስትለኝ ስልኩን ለዘይነባ ነው ያቀበልኳት።

ቃል ቃል ነውና ለሶልያና ጫማ ልገዛላት ወደ ላይ ወጣን። ዘይነባና እኔ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አንድ አንድ ጫማ ተቀያየርን። ልጅቷ ግማሽ ከንፈሯ ደንዝዞ፣ ቃሉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን እየፈሰሰባት ታየናለች።

«እማማ፣» አለች፣ «አባባም ማስኩን ሲያደርጉለት እንዳንቺ ስቆ ነበር?»

የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ጣቴ ቆመ።

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ። እኔ በር ላይ ነበርኩ።»

አሰበችበት። «ስቆ ይሆናል።»

«ስቋል እንጂ፤» አለች ዘይነባ፣ ቀና ሳትል፣ ተረከዟን ወደ ጫማዋ እየከተተች። «እሱን ሰውዬ አላውቀውም? ሐኪሞቹን ሁሉ አስቆ ነው የገባው።»

ዘይነባ እዚያ አልነበረችም። እሷ ያን ሰዓት ቤቴ ሆና ሽንኩርት እየከተፈችልኝ ነበር፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። በሌላ ቀን ቢሆን አርማት ነበር። የጫማዬን ክር አሰርኩና ተነሣሁ።